በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር የእርግዝና ክትትል ምን ይለካል፣ የትስ ላይ ይሳሳታል?

በቱሉ ዲምቱና በኮየ ፈጬ በኩል፣ ከአዲስ አበባ ጫፍ ለእርግዝና ክትትል የሚመጡ እናቶችን ከሚያዩ ሚድዋይፎች አንዷ ነኝ። ማቅለሽለሹ ያለፈላት፣ ሆዷም ገና ያልከበዳት እናት «ደህና ነኝ እኮ፣ ለምን ታክሲ ስጠብቅ ግማሽ ቀን ይሂድብኝ?» ብላ ቀጠሮ የምትዘለው በዚህ መሀል ነው። ነገር ግን በዚህ ወቅት የምንፈልጋቸው ችግሮች አብዛኞቹ አያሙም። ከፍ ያለ ግፊት አያምም፤ የደም ማነስ «ድካም ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ እንግዴ ልጅም ደም እስኪፈስ ድረስ አይታወቅም። ስለዚህ ምን እንደሚለካ፣ በትክክል ሲለካ እንዴት እንደሆነና ቁጥሩ ምን እንደሚናገር ልጻፍ። የራስሽን ቁጥር ካወቅሽ ሰፈር ብትቀይሪም፣ ባለሙያው ቢቀየርም ክትትልሽ አይበላሽም።

ሁሉም ነገር የሚቆመው በቀኑ ላይ ነው

የሳምንቱ ቁጥር ከተሳሳተ የሆድ ልኬቱም፣ የአልትራሳውንዱ ቀጠሮም፣ የስኳር ምርመራውም፣ የመውለጃ ቀኑም አብሮ ይሳሳታል። የሚቆጠረው ከመጨረሻው ወር አበባ ከመጀመሪያው ቀን ነው፤ ደሙ ከቆመበት ቀን አይደለም፣ «ጸነስኩ» ብለሽ ከምታስቢበት ቀንም አይደለም። ቀኑ ከጠፋብሽ በበዓል አስቢው፤ ብዙ እናት «የከተራ ዕለት ነበር» ስትል ትክክለኛ ቀን ሰጠችን ማለት ነው።

በእኛ ዘመን አቆጣጠር ስሌቱ ቀላል ነው፣ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ። እርግዝና 280 ቀን ነው፤ ይህም 9 ወር ከ10 ቀን ይሆናል። መሀል ላይ ጳጉሜ ከገባች 10 ቀኑ ወደ 5 ይወርዳል፣ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ወደ 4። የወር አበባዋ ጥር 10 ቀን የጀመራት እናት 9 ወር ስትጨምር ጥቅምት 10 ይሆናል፤ ጳጉሜን ስላለፈች 5 ቀን ጨምራ ጥቅምት 15 አካባቢ ትጠብቃለች። ጥቅምት 5 የጀመራት ግን ጳጉሜ ስለማትገባባት ሐምሌ 15 ነው።

የስልክ አፕሊኬሽን የምትጠቀሙ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። «ጥር 10»ን «ጃንዋሪ 10» ብሎ መሙላት ስምንት ቀን ያሳስታል፤ ጥር 10 አብዛኛውን ዓመት የሚውለው ጃንዋሪ 18 ላይ ነው። ለሃያኛው ሳምንት ምርመራ ስምንት ቀን ብዙ ነው።

«አምስት ወር ገባኝ» የሚለው አነጋገርም ለእኛ አይበቃም። 20 ሳምንት ማለት 4 ወር ከ20 ቀን ነው። 24 ሳምንት 5 ወር ከ18 ቀን፣ 26 ሳምንት 6 ወር ከ2 ቀን፣ 28 ሳምንት 6 ወር ከ16 ቀን ነው። የጥር 10ዋ እናት ሃያኛ ሳምንቷን ግንቦት 30፣ ሃያ ስድስተኛውን ሐምሌ 12 ትሞላለች። ድሮ ክትትል አራት ጊዜ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ስምንት ከፍ ካደረገው ወዲህ እኛም ወደዚያው ሄደናል፦ እስከ 12ኛው ሳምንት አንድ፣ ከዚያ በ20፣ በ26፣ በ30፣ በ34፣ በ36፣ በ38 እና በ40። በመካከለኛዎቹ ወራት የሚውሉት የ20ውና የ26ቱ ብቻ ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ከቀረ ረጅም ጊዜ ባዶ ይሆናል።

ከቤት ስትወጪ

ካርድሽን፣ በግል ክሊኒክ የተሠራ ውጤት ካለ ወረቀቱን፣ የተረፈውን ክኒን ከነማሸጊያው ያዢ። ክኒኑን የምንጠይቀው ለመቆጣጠር አይደለም፤ ስንት እንደቀረ ሲታይ ደሙ ለምን እንዳልጨመረ ይገባናል። ከላይና ከታች የተለያየ ልብስ ልበሺ፤ ሆድ ሲለካ ሙሉ ቀሚስ መግለጥ ለአንቺም አይመችም። እጅጌው እስከ ብብት የሚሰበሰብ ይሁን። የፆም ስኳር ምርመራ ካልታዘዘልሽ ቁርስ ብይ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከደረስሽ የላብራቶሪውን ውጤት በዚያው ቀን ይዘሽ ትመለሻለሽ፤ ረፋዱን አሳልፈሽ ከመጣሽ ግን ለውጤቱ ብቻ ሌላ ቀን መመላለስ ሊመጣ ነው።

በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በነፃ ነው። የላብራቶሪ ኬሚካል ሲያልቅ ግን ውጭ አሠሪ የምትባዪበት ቀን አለ፤ ያን ጊዜ የትኛው ምርመራ እንደሆነ በወረቀት አጽፊ። «ሁሉንም ሥሩልኝ» ብሎ የግል ላብራቶሪ መግባት ገንዘብ መበተን ነው።

የደም ግፊት

ከሁሉም የምዘገየው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ለመለካት በጣም ቀላሉ፣ ሲለካም በጣም የሚበላሸው ይህ ነው።

ከባጃጅ ወርደሽ ዳገቱን ወጥተሽ ወዲያው ብትለኪ ቁጥሩ የዳገቱ ነው። ቢያንስ 5 ደቂቃ ጀርባሽን ተደግፈሽ ተቀመጪ፤ እግርሽ መሬት ይንካ፣ አይቆላለፍ። ሽንት ቤት ሄደሽ ነይ፤ የሞላ ፊኛ ግፊት ይጨምራል። ከግማሽ ሰዓት ወዲህ ቡና አትጠጪ። ክንድሽ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብሽ ትክክል ይረፍ፤ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ከተለካ ከእውነተኛው በላይ ያነባል። መጠቅለያው በሹራብ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይታሰር። ወፍራም ክንድ ላይ ትንሽ መጠቅለያ ከታሰረም እንዲሁ በሐሰት ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ክንድሽ ሞላ ያለ ከሆነ «ሲስተር፣ ትልቁ የለም?» ማለት ነውር የለውም። ሲለካ አታውሪ። ወረፋ ሲበዛ ይህ ሁሉ እንደሚዘለል አውቃለሁ፤ አምስቱን ደቂቃ ግን ወንበር ላይ ሆነሽ ራስሽ ማስከበር ትችያለሽ።

ቁጥሩን አስነግሪ፤ «ደህና ነው» አይበቃም። 140/90 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው፤ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ብቻ ቢደርስም ይቆጠራል። አርፈሽ እንደገና ይለካል፤ በአራት ሰዓት ልዩነትም ያው ከሆነ ጉዳዩ የድካም አይደለም። 160/110 ከደረሰ ግን ነገ የሚባል ነገር የለም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ተደግሞ፣ መድኃኒት ተጀምሮ ሪፈር ይጻፋል።

ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ሌላው ነገር ግፊት በእርግዝና መሀል በተፈጥሮው ዝቅ ማለቱ ነው። በ10ኛው ሳምንት 100/60 የነበራት እናት በ24ኛው 132/86 ብትሆን መስመሩን አላለፈችም፤ እኔ ግን የወር ቀጠሮ አልሰጣትም፣ በሳምንት ውስጥ ተመለሺ እላታለሁ። ይህን ማየት የሚቻለው የመጀመሪያው ቁጥር ካርዱ ላይ ካለ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጥቶ መለካት ጥቅሙ የሚታየው አሁን ነው።

ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊት ከፍ ብሎ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ከተገኘ ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው ነው። መለያዎቹ በፓራሲታሞል የማይለቅ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ብዥ ማለት ወይም ዓይን ላይ ብልጭታ፣ ፊትና እጅ ድንገት ማበጥ፣ ከጎድን አጥንት ሥር በቀኝ ወይም ከመሀል የሚያም ሕመም ናቸው። የመጨረሻው በጣም ያታልላል፤ «ጨጓራዬ ተነሳ» ተብሎ የጨጓራ መድኃኒት ሲዋጥ ቀን ይባክናል። እርጉዝ ሴት ተንቀጥቅጣ ከወደቀች ደግሞ መጀመሪያ ሆስፒታል ነው፤ ጸበሉ ከዚያ በኋላም ይደርሳል። እግር ማበጥ ብቻውን፣ በተለይ ቀኑን ቆሞ ለዋለ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ምንም አይደለም፤ ጠዋት ሲነሱም ካልቀነሰ ግን ግፊት ይለካ።

ባለፈው እርግዝና ግፊት የነበረባት፣ መንታ የያዘች፣ የኩላሊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባት እናት ገና ከ20ኛው ሳምንት በፊት በአነስተኛ መጠን አስፕሪን ሊታዘዝላት ይችላል። ይህን ታሪክ ሳትጠየቂ ንገሪ። አስፕሪኑን ግን ለራስ አዝዞ መጀመር አይገባም።

ሽንት

ኩባያ ሲሰጥሽ የመጀመሪያውን ሽንት አትቅጂ። ታጠቢ፣ ጥቂት ይፍሰስ፣ መሀሉን ያዢ፣ የመጨረሻውን ተይው። የብልት ፈሳሽ ከተቀላቀለበት ፕሮቲን ያለ መስሎ «አንድ ፕላስ» ይወጣል፤ ግፊቷ ደህና የሆነች እናት በዚህ ምክንያት ተጨንቃ ስታድር አይቻለሁ፣ በንጹሕ ሲደገም ይጠፋል። ሁለት ፕላስና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ቸል አይባልም። የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን በእርግዝና ላይ ሳያቃጥልም ይኖራል፤ ሳይታከም ሲቀር ወደ ኩላሊት ይወጣል፣ ያለ ጊዜው ምጥም ያመጣል። የታዘዘውን አንቲባዮቲክ «ተሻለኝ» ብሎ መሀል ላይ ማቋረጥ ነው እንዲመለስ የሚያደርገው።

ክብደት፣ ሆድ፣ የልብ ምት

ሚዛን ላይ ጫማና ጋቢ ወልቆ ይወጣል። በመካከለኛ ክብደት እርግዝናዋን የጀመረች እናት በእነዚህ ወራት በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ፣ በወር ወደ 2 ኪሎ ብትጨምር ጥሩ ነው፤ በጠቅላላው ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ይጠበቃል። ከሲታ የነበረች ከዚህ በላይ፣ ወፍራም የነበረች ከ7 እስከ 11.5። በአንድ ሳምንት ከአንድ ኪሎ በላይ ድንገት መጨመር ግን የምግብ ሳይሆን የውኃ ነውና ግፊትን ያስጠረጥራል። የክንድ ዙሪያ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የምግብ እጥረት አለ ማለት ነው፣ የአልሚ ምግብ ድጋፍ ካለ ይመዘገብልሻል።

ሆድ የሚለካው ፊኛ ባዶ ሆኖ ነው። ሜትሩ ከብልት በላይ ካለው አጥንት የላይኛ ጠርዝ ተነስቶ እስከ ማኅፀኑ ጫፍ ይዘረጋል። በ20ኛው ሳምንት ጫፉ እምብርት አካባቢ ይደርሳል፤ ከ24 ወዲህ ሴንቲ ሜትሩና ሳምንቱ በግምት እኩል ናቸው፣ ሁለት ከፍና ዝቅ ቢል ችግር የለውም። ከሦስት በላይ ሲራራቅ መጀመሪያ የምንጠራጠረው ቀኑን ነው። ቀኑ ትክክል ከሆነ፣ የበለጠው መንታ፣ የሽርት ውኃ መብዛት ወይም የማኅፀን ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ ያነሰው የልጁ ዕድገት መዘግየት ወይም የውኃው ማነስ። ያኔ አልትራሳውንድ ይታዘዛል። በጀርባሽ ተኝተሽ ካዞረሽ፣ ካላበሽ ወይም ልብሽ ጥፍት ካለ ዝም አትበዪ፤ ማኅፀኑ ትልቁን የደም ሥር ተጭኖ ነው፣ ወደ ግራ ጎንሽ ስትዞሪ ወዲያው ይለቃል።

የልጁ የልብ ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። በቀንዱ ማዳመጫ ከ20ኛው ሳምንት በፊት አለመሰማቱ ምንም ማለት አይደለም፤ እንግዴ ልጁ በፊት በኩል ከተለጠፈ፣ ሆዱ ወፈር ካለ ከዚያም በኋላ ያስቸግራል። በዶፕለር፣ ማለትም ድምፁን አጉልቶ በሚያሰማው መሣሪያ፣ ቀደም ብሎ ይገኛል። አድማጩ በአንድ እጁ የእናቲቱን የልብ ትርታ ከእጇ አንጓ ላይ መያዝ አለበት፤ አለበለዚያ የእሷን የልጁ አድርጎ ሊቆጥር ይችላል።

እንቅስቃሴ የመጀመሪያ ልጅ ላይ ከ18 እስከ 22ኛው ሳምንት፣ በወለደች ላይ ከ16 ጀምሮ ይሰማል። የተሰማበትን ቀን ጻፊው። እስከ 24ኛው ድረስ አንድ ቀን ተሰምቶ አንድ ቀን ቢጠፋ አትደንግጪ፤ 24 ሞልቶ ከቶውኑ ካልተሰማ፣ ወይም በየቀኑ መሰማት ከጀመረ በኋላ ከቀነሰ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ነይ።

አልትራሳውንድ አንዴ ቢሆን መቼ?

አቅምሽ ለአንድ ብቻ ከሆነ ከ18 እስከ 22ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ አድርጊው። ለጥር 10ዋ እናት ይህ ከግንቦት 16 እስከ ሰኔ 14 ነው። ከዚያ በፊት የአካል ክፍሎቹ በደንብ አይታዩም፤ ከ24ኛው ሳምንት ካለፈ ደግሞ የሳምንት ግምቱ እየሰፋ ይሄዳል። የወር አበባ ቀኗ ጨርሶ የጠፋባት ግን ቶሎ ትሥራ፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ስህተቱ ሳምንት አይሞላም፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ሦስት ሳምንት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በየአልትራሳውንዱ የመውለጃ ቀን አይቀየርም፤ የመጀመሪያው ይያዛል። «ሦስት ቦታ ሦስት ቀን ነገሩኝ» የሚለው ጭንቀት አብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

ፎቶውን ብቻ ይዘሽ አትውጪ፣ የተጻፈውን ሪፖርት ጠይቂ። እዚያ ላይ የልጅ ብዛት፣ የልብ ምት፣ የጭንቅላትና የሆድ ዙሪያ፣ የጭን አጥንት ርዝመት፣ የሽርት ውኃ መጠንና እንግዴ ልጁ የት እንዳለ መኖር አለበት። የመጨረሻው ከጾታው በላይ ነው የሚያስፈልገኝ። በ20ኛው ሳምንት «እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሏል» ቢባል አብዛኛው ማኅፀኑ ሲያድግ ወደ ላይ ይወጣል፤ በ32ኛው ሳምንት ተደግሞ ይታያል። እስከዚያ ግንኙነት ይቆይ፣ ያለ ሕመም ደም ከታየሽ ወዲያውኑ ሆስፒታል ሂጂ፤ በመንገድሽ ለሚያይሽ ሁሉ «እንግዴ ልጄ ዝቅ ያለ ነው» ብለሽ ተናገሪ፣ ይህ ሳይታወቅ በውስጥ የሚደረግ ምርመራ ደሙን ያባብሰዋል።

«ልጁ ተገልብጧል» ተብሎ በአምስት ወር መደንገጥ ትርጉም የለውም፤ በዚህ ዕድሜ በቀን ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። አቀማመጡ ጉዳይ የሚሆነው ከ36ኛው ሳምንት ወዲህ ነው። ለማስተካከል ተብሎ ወጌሻ ጋ ሄዶ ሆድ መታሸት እንግዴ ልጁን ከማኅፀን ግድግዳ ሊያላቅቅ ይችላል። ይህን ለእናትሽም ለአማትሽም ንገሪያቸው፣ ወደዚያ የሚወስዱሽ በፍቅር ነው።

ደምና ክኒኑ

በክትትሉ መጀመሪያ የደም ዓይነት፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ይታያል፤ ያልታየ ካለ አሁን ይሠራ። ሄሞግሎቢን ደግሞ በ26ኛው ሳምንት ገደማ ይደገማል። ከ11 በታች የደም ማነስ ይባላል፣ በመሀለኛዎቹ ወራት ደሙ በተፈጥሮ ስለሚቀጥን ወሰኑ 10.5 ነው፤ ከ7 በታች ሆስፒታል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በደጋ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢን ከቆላው ከአንድ ግራም ያላነሰ ከፍ ይላል። ስለዚህ እዚህ 11.3 የወጣላት እናት ወረቀቷ ላይ «ጤነኛ» ብትባልም በደጋ ሒሳብ ዝቅ ያለች ናት፣ ክኒኗን ጠበቅ አድርጋ መያዝ ይኖርባታል።

«ጤፍ እየበላሁ ደም ማነስ ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ከፊሉ ከአውድማ አፈር የተቀላቀለ ነው፣ እህሉ ውስጥ ያለውንም ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም። በደንብ የቦካ ሊጥ ይሻላል፤ ምስርና ጎመን ላይ ሎሚ መጭመቅም ብረቱን ያስመጥጣል።

የሚታደለው ክኒን 60 ሚሊ ግራም ብረትና 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ ነው፣ በቀን አንድ፣ በየቀኑ። ጠላቱ ቡናና ሻይ ነው። ጠዋት ክኒን ውጦ አቦሉን መከተል ክኒኑን እንዳልዋጡት ያህል ነው፤ ከቡናው አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ ይሁን። ከወተትና ከካልሲየም ክኒን ጋርም አይወሰድ። እኔ የምመክረው ማታ፣ ከእራት ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከመኝታ በፊት በብርቱካን ወይም በውኃ መዋጥ ነው፤ ያን ጊዜ ቡናም የለም፣ ማቅለሽለሹም በእንቅልፍ ያልፋል። ዓይነ ምድር ይጠቁራል፣ አያስፈራም። ድርቀቱን በውኃ፣ በአትክልት፣ በፓፓያ ማስታገስ ይቻላል፤ ያቃተሽ እንደሆነ ተመልሰሽ ንገሪን እንጂ ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ አታከማቺ። «ልጁን ያገዝፈዋል፣ ምጥ ያከብዳል» የሚባለው ወሬ መሠረት የለውም፤ በወሊድ ላይ ደም ሲፈስ የምትጎዳው ቀድሞ ደም ያነሳት ናት። ቡናውን ራሱን በቀን ከአንድ ሁለት ሲኒ አታሳልፊው።

ከሦስተኛው ወር በኋላ የአንጀት ትል መድኃኒት፣ አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ፣ ይሰጣል። ለትል ተብሎ ኮሶ መጠጣት በእርግዝና ላይ አደገኛ ነው። ጤና አዳምም በቡና ውስጥ ይቅር።

የደም ዓይነትሽ ኔጌቲቭ ከሆነ የባልሽ ይታይ። እሱ ፖዘቲቭ ከሆነ ሾተላይን የሚከላከለው አንቲ ዲ መርፌ በ28ኛው ሳምንት፣ ከወሊድ በኋላም በ72 ሰዓት ውስጥ ያስፈልግሻል፤ ማስወረድ ወይም ደም መፍሰስ ካጋጠመም እንዲሁ። መርፌው ውድ ነው፣ በየመድኃኒት ቤቱም አይገኝም፤ ስለዚህ በ20ኛው ሳምንት ነው መፈለግ የሚጀመረው። ከመድኃኒት ቤት እስኪወጋ ድረስ ቅዝቃዜው እንዳይቋረጥበት በቀዝቃዛ ዕቃ ይያዝ።

ስኳር ከ24 እስከ 28ኛው ሳምንት ይታያል። ሙሉው ምርመራ ቢያንስ 8 ሰዓት ጾሞ መጥቶ ደም ይሰጣል፤ 75 ግራም ግሉኮስ ተጠጥቶ በአንድ ሰዓትና በሁለት ሰዓት ይደገማል። ወሰኖቹ በጾም 92፣ በአንድ ሰዓት 180፣ በሁለት ሰዓት 153 ናቸው፤ አንዱ ላይ መድረስ ብቻውን ይበቃል። መሀል ላይ መዞር፣ ማስቲካ ማኘክ፣ መብላት ውጤቱን ያበላሻል። በቤተሰብ ስኳር ካለ፣ ከ4 ኪሎ በላይ ልጅ ወልደሽ ከነበረ አስታውሺን።

የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቢያንስ 4 ሳምንት ርቆ፣ ከወሊድ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድሞ መሰጠት አለበት። ባለፈው እርግዝና የተከተብሽው ይቆጠራል፣ የድሮውን ካርድ አትጣዪ።

መድኃኒት፣ ጾምና ሌላው

ለወገብ ሕመም ዲክሎፌናክ መርፌ ወይም አይቡፕሮፌን በራስሽ አትግዢ፤ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ የልጁን ኩላሊትና የሽርት ውኃውን ይጎዳል። ፓራሲታሞል ይሻላል። ዶክሲሳይክሊንና ቴትራሳይክሊን የልጁን ጥርስና አጥንት ይነካሉ። መድኃኒት ቤት ስትገቢ ሆድሽ ገና ካልታየ እርጉዝ መሆንሽን አስቀድመሽ ተናገሪ።

ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት አይሆኑም። ጠላም፣ ጠጅም፣ ጫትም አይሆኑም። አዮዲን ያለው ጨው ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር፣ ዕቃውም ክዳን ይኑረው። ጾሙን በተመለከተ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ የምትጾሚ ከሆነ ሰዓቱን አታርዝሚ፣ ሽሮ፣ ምስርና ለውዝ በቀን ደጋግመሽ ብይ፣ መጾምሽንም ለእኛ ንገሪን። መቀነቱ ሆድ ላይ አይጥበቅ።

በሌሊት ከጫፍ ሰፈር

እዚህ አካባቢ ዋናው ችግር ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የሚነሳ ሕመም ነው። ደም መፍሰስ፣ ውኃ መፍሰስ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከላይ የጻፍኩት ራስ ምታትና ብዥታ፣ ትኩሳት፣ ሆድ ደረቅ ብሎ የማይለቅ ሕመም፤ እነዚህ እስኪነጋ አይጠበቁም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ሲደወል «ኮየ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የብሎክ ቁጥር፣ ቅርብ ያለ ምልክት፣ መኪና የሚገባበት የኮብልስቶን መንገድ ይነገር፣ አንድ ሰው ዋናው መንገድ ላይ ወጥቶ ይጠብቅ። በዚህ ወቅት የባጃጅ ወይም የመኪና ባለቤት ጎረቤት ስልክ ካሁኑ ይያዝ። ሌሊት የሚሠራው ጤና ጣቢያ የቱ እንደሆነ፣ ሪፈር የሚጻፈው ወዴት እንደሆነ በቀጠሮሽ ቀን ጠይቂ፤ በእኛ በኩል ላሉት ብዙውን ጊዜ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ነው።

ለመውለድ ወደ ወላጆችሽ አገር የምትሄጂ ከሆነ ወይም ኮንዶሚኒየም ደርሶሽ የምትዛወሪ ከሆነ፣ ከመሄድሽ በፊት ከካርዱ ላይ የመውለጃ ቀኑን፣ የደም ዓይነቱን፣ የግፊት ቁጥሮቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ የክትባት ቀኖቹንና የአልትራሳውንድ ሪፖርቱን በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ ሪፈር ወረቀትም አጽፊ። ፎቶውን ለባልሽ ወይም ለእህትሽ ስልክም ላኪው፣ አንቺ መናገር በማትችዪበት ሰዓት የሚጠየቁት እነሱ ናቸው።